የግራ ክንዴና የኮማንዳኑ ሰዓት

በግራ እጄ ላይ ያለችውን ሰዓት ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሷን ያያል፣ ቀጥሎ ነጠላዬን፣ ቀጥሎ የላስቲክ ጫማዬን፣ ከዚያ ተመልሶ እሷኑ። ባለፈው ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት የማውቃት ሴት ጆሮዬ ሥር ተጠግታ ስንት ታወጣለች ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። እውነቴን ነው፣ ዋጋዋን ጠይቄ አላውቅም፣ የእኔም አይደለችም። እኔ የማውቀው በቀን ስንት ሰከንድ እንደምትቀድም፣ በጀርባዋ ስትተኛ ምን እንደምትሆን፣ በጎኗ ስትተኛ ምን እንደምትሆን፣ ሲርባትም እንዴት እንደምትሳሳት ነው። ይህን ለዚያች ሴት ብነግራት አሮጊቷ ጃጀች ትለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ጅቡቲ፣ ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ከሌሎች እናቶች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ አጻጻፌም እንደ አካሄዴ ነው፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ሰዓት ማንበብንማ ማን ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ? በዚህ ከተማ ሰዓት ሳያውቁ መኖር ይቻላል። ዳቦ የሚሸጡት ሴቶች መንገድ ዳር ሲቀመጡ ነግቷል። ጫት የጫኑት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲገቡ ቀትር አልፏል፣ ምሳ ያልደረሰላቸው ወንዶች ይነጫነጫሉ። ከዚያ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። ሲነሳ አመሻሽ ነው። ሰከንድ የሚባል ነገር ለምን እንደተፈጠረ ኮማንዳኑን እስካውቅ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ኮማንዳን የምላቸው ለብዙ ዘመን ምግብ የሠራሁላቸው ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው ወደብ ላይ ነበር። ትልቅ መርከብ ሲመጣ በትንሽ ጀልባ ይሄዱና በገመድ መሰላል ወጥተው ለእንግዳው ካፒቴን መግቢያውን ያሳያሉ። የዚህ አገር ሰው ናቸው፣ ሱማሌ። ልጅነታቸውን ግን ድሬዳዋ አሳልፈዋልና አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። እንደ ድሬ ልጅ ማንንም አንቱ አይሉም። እኔን «አባዮ» ይሉኛል፣ በሱማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው። እኔ ያደግሁት አዳማ ስለሆነ አንቱታው እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም። ቤታቸው ሄሮን የሚባል ሰፈር ነው፣ ባሕሩ ዳር፣ በፈረንሳይ ጊዜ የተሠራ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። እኔ ጠዋት ከሰፈሬ ከካርቲዬ ሁለት እመጣለሁ፣ ምሳ አዘጋጅቼ እመለሳለሁ።

ሰዓቷን የገዙላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ቁጥር የላትም፣ በቁጥሩ ቦታ ቀጫጭን መስመሮች ብቻ አሉ፣ በስተቀኝ በኩል ደግሞ ቀኑን የምታሳይ የዓይን ብሌን የምታህል መስኮት አለች። ባትሪ የላትም። ውስጧ ጥርስና ጥቅልል ብረት ብቻ ነው አሉ። እኔ ቤታቸው ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ ኮማንዳኑ በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያመሳክሯት ነበር፣ ዱሮ በራዲዮ፣ በኋላ በስልክ። «አራት» ይሉና ሻያቸውን ያነሳሉ። አራት ሰከንድ ቀድማለች ማለታቸው ነው። አራት ካለች ቀኑ ደህና ነው። ስምንት ያለች ጊዜ፣ አቤት፣ የጠዋቱ ዳቦም አይጣፍጣቸው። እመቤቲቱ በሕይወት ሳሉ ይስቁባቸው ነበር፤ እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አመሳክረኸኝ ታውቃለህ ይሏቸው ነበር።

ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመና እጃቸው ያብጥ ጀመር። የሰዓቷ ሰንሰለት አልዘጋ አለ። መሳቢያ ውስጥ አስገቧት፣ ጠዋት ጠዋት እያወጡ በመዳፋቸው ይዘው ያገላብጧታል፣ ያያሉ፣ ይመልሷታል። «አራት» የምትለዋን ቃል ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልሰማኋትም።

አሁን ወደ እጄ ልምጣ።

ሩዝ እያጠብኩ ነበር፣ በእሳቸው ወጥ ቤት ውስጥ። ድስቱ ከእጄ ወደቀ። ሩዙን ልሰበስብ ጎንበስ ስል ግራ እጄ አብሮኝ አልወረደም። ኮማንዳኑ ድምፁን ሰምተው መጡ፣ ፊቴን አዩኝ፣ መንገድ ወጥተው ታክሲ አስቆሙ። ያ ታማሚ ሽማግሌ፣ ያበጡ እግሮቻቸውን በነጠላ ጫማ አድርገው፣ ሆስፒታል ድረስ ከጎኔ ተቀምጠው ሄዱ። ቶሎ መድረሷ ነው ያተረፋት አለ ሐኪሙ። እግሬ ተረፈ፣ ምላሴ ተረፈ፣ ተመስገን። ፊቴም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ግራ እጄ ብቻ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ቀረ። ከጭኔ ላይ አንስቼ ወደ ሌላ ቦታ አስቀምጠዋለሁ፣ ልክ ሰው የረሳውን ዕቃ ዘወር እንደማደርግ።

ለእጄ ያን ያህል አላለቀስኩም። ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። የምኖረው ከልጅ ልጄና ከባሏ ጋር ነው። በዚያ ሰሞን ነፍሰ ጡር ነበረች፣ የመጀመሪያዋ። ሕፃን የሚታጠበው በግራ ክንድ ላይ ተኝቶ ነው። አንገቱ መዳፍ ላይ፣ ሆዱ ክንድ ላይ፣ እግሮቹ በክርን ግራና ቀኝ፣ ቀኝ እጅ ደግሞ ውሃውን ያፈሳል፣ ጀርባውን ያሻል። ከእናቴ የተማርኩት ይህን ነው፣ ሌላ የተማርኩት ነገርም የለ። ልጆቼ ሁሉ እዚህ ክንድ ላይ ታጥበዋል። ይህችው የልጅ ልጄም እዚሁ ነው የታጠበችው፣ ስትታጠብም ሰፈሩን ታሰማ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ትመርቂልናለሽ። ማጠቡን ጎረቤታችን ትመጣልናለች» አለችኝ።

ክፋት አልነበራትም። ልታሳርፈኝ ብላ ነው። ጎረቤቲቱም ደግ ሴት ናት። እኔም እሺ አልኩ፣ ደግ አድርገሻል አልኩ፣ ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሕፃኑ ሲመጣ የማይዘው ክንድ ጭኔ ላይ ነበር። ዝም ብዬ አየሁት።

ሆስፒታሉ ማወዛወዝ አለብሽ ብሎኝ ነበር። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን። ሁለት ሦስት ቀን ሞከርኩ። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ቆሜ እጄን ሳንጠለጥል ራሴን እታዘባለሁ፣ ምን ሆኜ ነው እላለሁ። ለማን ብዬ? እተወዋለሁ። ወደ ኮማንዳኑ ቤት ግን መሄዴን አልተውኩም። በአንድ እጅ የሚሠራውን እሠራለሁ፣ ሽንኩርቱን እሳቸው ተቀምጠው ይልጡልኛል፣ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ያጉረመርማሉ።

በእንዲህ ያለ አንድ ጠዋት መሳቢያውን ከፍተው ሰዓቷን አወጡና ጠረጴዛው ላይ ከፊቴ አስቀመጧት።

«አባዮ፣ እሷ የምትበላው ከሰው ክንድ ነው» አሉኝ። «ክንድ ካልተወዛወዘ ትቆማለች። የእኔ እጅ አይገባላትም። ያንቺ ደግሞ ሥራ ፈቷል።»

«የማይወዛወዘው እኮ ይኸው ነው፣ ኮማንዳን። በቀኙ ልሰራት።»

«በቀኝሽ ሽንኩርት ልታሸቺያት ነው? ግራ ላይ ነው የኖረችው።»

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእጅ ሰዓት ነበረው፣ በየማታው እያዞረ የሚሞላት። ይህችስ አትሞላም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አውቶማቲክ ናት፣ ከክንድ ነው አሉኝ ደግመው። ከቆመች ብቻ በጎኗ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ እስከ መጨረሻ ስቤ ቆጣሪዎቹን እንዳስተካክል አሳዩኝ። ከዚያ በቀር ቁልፏን አትንኪ አሉ። ባበጡ ጣቶቻቸው ሰንሰለቱን እጄ ላይ ዘጉልኝ። ከበደችኝ። የሞተ እጄ ላይ አንድ ተጨማሪ የብረት ሸክም። ነገር ግን የባለቤታቸው ስጦታ ናት፣ ብትቆምብኝስ? እንቢ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ እጄን እያየሁ ሄድኩ። ማታ በጀርባዋ አስተኛኋት፣ እንዳዘዙኝ። ጠዋት ስነሳ ቆማለች። የደነገጥኩት መደንገጥ! አንዱን ልጅ አደራ ተቀብዬ በመጀመሪያው ሌሊት የጣልኩት መሰለኝ። ቁልፏን ሳብኩ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ እጄን በሌላው እጄ ይዤ አወዛወዝኳት፣ ቀጭኗ የሰከንድ ቆጣሪ ተነሳች። ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሄሮን ገሰገስኩ።

ኮማንዳኑ በረንዳው ላይ ስልካቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። እጄን ዘረጋሁ። ስልኩን አዩ፣ ሰዓቷን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ።

«ሌሊቱን የት ይዘሻት ሄድሽ? ስድስት ሰዓት ጎድሏታል።»

«ምን ጎደላት? ሁለት ሰዓት እኮ ነው፣ ኮማንዳን። ፀሐይዋን አያዩም?»

ስልካቸው ስምንት ሰዓት ይላል። እኔ ያስተካከልኳት በራሴ ቆጠራ ነው፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ እንዳለው ሰዓት፣ አንድ ብሎ ከንጋት እንደሚጀምረው። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖሬ፣ ሁለቱንም ቆጠራ እያወቅሁ፣ ድንጋጤው ወደ አገሬ መለሰኝ። ኮማንዳኑ ሲገባቸው ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ላስተካክላት ብዬ ቁልፏን ስይዝ እጃቸውን አነሱ።

«ተያት። እኔም በልጅነቴ ድሬ ላይ እንዲሁ ነበር የምቆጥረው። ሰከንዱ የሐበሻም የፈረንሳይም አይደለም።»

በዚያው ቀረች። ኋላ እንዳየነው በመስኮቷ ውስጥ ያለው ቀን የሚገለበጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ንጋት ላይ ሆነ። ኮማንዳኑ ይህን ወደዱት። ቀን ሲነጋ ነው እንጂ መለወጥ ያለበት አሉ፣ መርከብ ላይም ሳለሁ ሌሊት ቀን ሲለወጥ ይደብረኝ ነበር አሉ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የምናደርገው ይህን ነበር። እሳቸው ስልኩን ይይዛሉ፣ በእሱ ላይ ሰከንዱም ይታያል። እኔ ለማየት ብዬ ሰዓቷን አላወልቃትም፤ መውለቅ የለባትም፣ ክንድ ላይ እንዳለች ነው የምትታየው ብለዋል። ክንዴን ወደ ዓይኔ ማንሳት አለብኝ፣ ሩቅ ያለ መርከብ እንደሚያይ ሰው። «አሁን» እስኪሉኝ አነሳዋለሁ። «አሁን» ሲሉ ቀጭኗ ቆጣሪ የት እንዳለች እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ክንዴን የማነሳው በቀኝ እጄ ደግፌ ነበር። እንዲያም ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ ቆጣሪዋን ማየት አልችልም፣ እየተንቀጠቀጠ ምኑ ይነበባል? እሳቸው ደግሞ «አሁን»ን ይቆጥቡታል። ዝም። ባሕሩን ያያሉ። እኔ ላብ በላብ።

«ደክሞኛል፣ ኮማንዳን።»

«ደቂቃው አልሞላም፣ ያዢያት።»

መጀመሪያ ሰሞን ሁልጊዜ ቆማ ነበር የምታድረው። ስትቆም እሳቸው አይቆጡም፣ «ርቧት ነው» ይላሉ ብቻ። የራባት ሰዓት ቆጠራዋም ልክ አይመጣም አሉኝ፤ ሙሉ ስትሆን እርምጃዋ ሰፊ ነው፣ ሲያልቅባት ይደክማታል፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ አንድ ቀን ወደ ፊት ትላለች። ስለዚህ አራት ብትል ጠግባለች፣ ሌላ ብትል ክንዴ አላበላትም ማለት ነው። ለእኔ ይህ በቂዬ ነበር። ሆስፒታሉ አወዛውዢ ሲለኝ ያልገባኝ ሁሉ አሁን ገባኝ። የተራበ ነገር እጄ ላይ አለ። ልጅ ሲርበው እንደምነሳው ነው የተነሳሁት።

ታዲያ ከካርቲዬ ሁለት እስከ ሄሮን እጄን እያወዛወዝኩ መሄድ ጀመርኩ። መንገድ ዳር እጇን የምታወዛውዝ አሮጊት ያየ ታክሲ ሁሉ ይቆማል። አረንጓዴና ነጩ መኪና ጎኔ ላይ ጥግ ይይዛል፣ አይደለም ሂድ እላለሁ፣ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። አንዱ ሾፌር በሱማሊኛ ሙልጭ አድርጎ ሰደበኝ፣ ትሳፈሪያለሽ ወይስ ከተማውን በሙሉ ልታስቆሚ ነው አለ። ሰዓት እያበላሁ ነው አልኩት። አንዴ እጄን አየ፣ አንዴ ፊቴን አየ፣ መስኮቱን ዘጋ። በማግስቱ እሱው ራሱ ሲያልፍ አይቶኝ ጡሩምባ ነፋልኝና፣ ዛሬስ በላች ወይ ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያ ሾፌር በየጠዋቱ ይጠይቀኛል። መልሱን ሳይሰማ ያልፋል።

ክንዴ ትንሽ መታዘዝ ሲጀምር ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ሕፃን በምን ይለመዳል? ገበያ ሄጄ ሀብሀብ ገዛሁ፣ ክብደቱ ሕፃን የሚያህለውን መርጬ። ሻጪቱ የምታውቀኝ ናት፤ ለምን አንዱን አንስቼ ሌላውን ክንዴ ላይ እያጋደምኩ እንደምሞክር አልገባትም፣ በጆሮ እንጂ በክንድ ሀብሀብ ሲመረጥ አይቼ አላውቅም አለች። በኮማንዳኑ ጓሮ የልብስ ማጠቢያውን ጎድጓዳ ሳህን ዘርግቼ፣ ሰዓቷን አውልቄ፣ ሀብሀቡን በግራ ክንዴ ላይ አስተኝቼ አጠብኩት። የመጀመሪያው አመለጠኝ፣ ሲሚንቶው ላይ ፈረጠ። ኮማንዳኑ በረንዳቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ኖረዋል።

«የስንት ወር ነበር?» አሉኝ።

ስቄ ላብድ። ከዚያም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ሲሚንቶው ላይ ቀይ በቀይ ሆኖ ሳየው። ሕፃን ቢሆንስ? እሳቸው ሹካ ይዘው መጡና ንጹሑን ንጹሑን እየመረጡ በሉ። ስለ ልጅ ልጄና ስለ ጎረቤቲቱ የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው። እስክጨርስ ድረስ ሰሙኝ። ነገም ሌላ ግዢ አሉኝ። በዚያ ወቅት በዚያ ቤት የተበላውን ሀብሀብ እግዜር ይቁጠረው።

ሰዓቷ ቀስ እያለች ከመቆም ወደ መዘግየት፣ ከመዘግየት ወደ መድረስ መጣች። ክንዴ ደግሞ ቀጥኖ ነበርና ሰንሰለቱ ሰፍቶኝ እስከ ክርኔ ይንሸራተት ጀመር። ኮማንዳኑ ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ የሚያውቁት ሰዓት ሠሪ ነበር፣ የመናዊ ሽማግሌ፣ በአንድ ዓይኑ አጉሊ መነጽር ሰክቶ ጠባብ መስታወት ጀርባ የሚቀመጥ። እሱ ጋ ሂጂና ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ያውጣልሽ አሉኝ።

ሽማግሌው ሰንሰለቱን ፈታታው። እስኪጨርስ ወረፋ ጠብቄ፣ ሌላም ሰው ገብቶ ወጥቶ፣ ሰዓቷ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ቆይታ ቆማ ነበር። አንስቶ አያት። ከዚያ ቁልፏን ሳይስባት፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ክር እንደሚያከር ሰው ወዲያ ወዲህ አዞራት። ቆጣሪዋ ተነስታ ሄደች።

ምን አደረግካት አልኩት በወጥ ቤት አረብኛዬ። ሞላኋት አለኝ። ትሞላለች እንዴ? አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ አየኝ። ሁልጊዜም ትሞላለች እናቴ፣ አለኝ፣ በየጠዋቱ ጥቂት ብታዞሪያት ክንድም አያስፈልጋት።

ተመስገን ብዬ ይሁን ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ገበያው መሀል፣ አንዲት ማንጎ ሻጭ ባዶ ሣጥን ሰጥታኝ ተቀመጥኩ። ያ ሰው መርከብ ያሽከረከረ ሰው ነው፣ ያቺን ሰዓት ግማሽ ዕድሜውን የያዘ ሰው ነው፣ እንዴት እንደምትሞላ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? «ቁልፏን አትንኪ» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ሰዓቷን ሳላወልቅ ክንዴን ወደ ዓይኔ ማንሳት እንዳለብኝ ያሉት ትዝ አለኝ። ይልቁንም ያ «አሁን»። ደቂቃው እስኪሞላ መስሎኝ ነበር ክንዴን የማቆየው። አንዱ ደቂቃ ሞልቶ፣ አልፎ፣ ሌላው እስኪሞላ ነበር ለካ ዝም የሚሉት፣ ባሕር የሚያዩ መስለው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስረዘሙት።

ቤታቸው ስመለስ አልተናገርኩም። ሰንሰለቱ ልክ ሆነ ወይ አሉኝ፣ ሆነ አልኳቸው። ሰው ለአንቺ ብዬ ነው ሳይል ያደረገልሽን ነገር አውቄብሃለሁ ማለት ስጦታውን እንደ መመለስ ሆኖ ተሰማኝ። በማግስቱ ክንዴን አነሳሁ። ሳይደገፍ ነበር። አልተንቀጠቀጠም፣ ወይም ተንቀጥቅጦ ቆጣሪዋን ለማየት አላስቸገረኝም። ባሕሩን አዩ፣ እኔም የፈለጉትን ያህል ይቆዩ ብዬ ያዝኩት።

«አሁን።»

ነገርኳቸው።

«አራት» አሉና ሻያቸውን አነሱ።

የልጅ ልጄ የወለደችው ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው። ወንድ። ከሆስፒታል ይዘነው መጣን፣ ቤቱ በሴት ተሞላ፣ ገንፎው ይገነፋል፣ እልልታው ደጅ ይሰማል። ጎረቤቲቱ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀምጣለች። ውሃው ሙቀቱ ደርሶ ሳህኑ መጣ። እኔ ተነሳሁና ሰዓቷን አወለቅሁ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ በጀርባዋ አስተኛኋት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። የልጅ ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ፣ አየኋት። ልጇ ነው፣ ብትፈራ አልፈርድባትም። እኔም ሲሚንቶው ላይ የፈረጠው ነገር ዓይኔ ላይ ነበር።

«እማማ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

«ከጎኔ ሁኚ» አልኳት። «እጅሽን ከእጄ ሥር ያዢልኝ። ስልሽ ልቀቂው።»

ሕፃኑን ክንዴ ላይ አስተኛችው። ሀብሀብ አይተነፍስም። ይህ ይተነፍሳል፣ ሆዱ ክንዴ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማኛል፣ ብዙ ጊዜ ምንም ያልተሰማው ያ ክንድ ሰማው። ውሃውን በቀኝ እጄ አፈሰስኩ። ጮኸ፣ እንደ እናቱ ሰፈሩን አሰማ። ጀርባውን አሸሁት፣ ብብቱን፣ የአንገቱን እጥፋት። መሀል ላይ ልቀቂ አልኳት። እጇን ወዲያው አላወጣችም። እኔም አላጣደፍኳት። ከዚያ አወጣች። ክንዴ እንዳለ ነበር። ሕፃኑም እንዳለ ነበር። ጎረቤቲቱ እጅጌዋን ወረድ አድርጋ ፎጣውን ዘረጋችልኝና፣ ያዢው እንግዲህ የማታረጂ አለችኝ። ያን ያህል የሳቅሁበት ምርቃት የለም።

እልልታው፣ እንግዳው፣ ገንፎው፣ የማግስቱም መታጠብ፣ ሰዓቷን ጭራሽ ረሳኋት። ኮማንዳኑ ጋም ሁለት ቀን ሳልሄድ ቀረሁ። በሦስተኛው ጠዋት ቁም ሣጥኑ ላይ አየኋት። ቆማለች። ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደገና ቆማለች። እንደቆመች እጄ ላይ አሰርኳት፣ ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ነበሩ፣ ስልኩ ጭናቸው ላይ። ክንዴን አነሳሁላቸው። ቆጣሪዋ እንደማትሄድ ከሩቅ አዩ። ደረቅ አድርገው፣ «ምን ሆነች?» አሉኝ።

«ሕፃኑን ላጥብ አውልቄ አስቀመጥኳት፣ ኮማንዳን። ረሳኋት።»

ስልኩን ከጭናቸው አነሱ።

«በየትኛው እጅሽ አጠብሽው?»

«በዚሁ።»

ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ከወደቡ ውጭ አንድ መርከብ መልሕቁን ጥሎ ተራውን ይጠብቃል። እሱን ያዩ ነበር፣ ወይም አያዩም ነበር። ለአራት ሰከንድ ሲጨነቁ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የባለቤታቸውን ሰዓት አቁሜባቸው ነው የቆምኩት።

«ትቁም፣ አባዮ» አሉኝ። «ትንሽ ትቁም።»

ስልኩን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያን ጠዋት ማመሳከር አልነበረም። ሻያቸውን ቀዳሁላቸው፣ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ጠየቁኝ፣ ማንንም አይመስልም፣ ገና ቀይ ነው አልኳቸው። ሀብሀብ ነዋ አሉ።

ምሳውን ከሠራሁ በኋላ ቁልፏን ሳብኩና ቆጣሪዎቹን በራሴ ቆጠራ አስተካከልኩ። ቁልፏን ወደ ቦታዋ መልሼ በሁለት ጣቴ መሀል ይዣት ቆየሁ። እንደ ሽማግሌው ወዲያ ወዲህ ባደርጋት በቂ ነበር። ተውኳት። ነጠላዬን ደርቤ የበረንዳውን ደረጃ ወረድኩ፣ የባሕሩን መንገድ ይዤ እጄን እያወዛወዝኩ ሄድኩ። ቀጭኗ ቆጣሪ ተነሳች። ፀሐይ ከበረታች ቆይታለች፣ ጡሩምባዎቹ ከሩቅ ይሰማሉ። አንድ ታክሲ ጎኔ መጥቶ ቀስ አለ። እለፍ አልኩት፣ በግራ እጄ።